የየኔታ አፈ ጉባኤ

ባትሪዋ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ሦስት ነጥብ ሰባት ቮልት፣ አውራ ጣት የምታህል፣ ሰማያዊ ልባስ ያላት፣ መንገዱ ከመዘጋቱ ሁለት ቀን ቀደም ብዬ ለመጠባበቂያ ከአዲስ አበባ ያስመጣኋት። መድረስ ያለባት ቢቸና ነው። እኔና እሷ ያለነው ሞጣ። በደህናው ቀን በሚኒባስ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው፤ ሹፌሩ ደብረ ወርቅ ላይ ሻይ ካማረው ሦስት። አሁን መንገዱ ከተዘጋ ሃያ ሦስት ቀን ሆነው።

ማን ዘጋው አትበሉኝ። የሚዘጋ አይጠፋም። መናኸሪያው ውስጥ ሣር በቅሎ የሰው ፍየል ይግጥበታል። እኔም ሱቄን ቆልፌ ከተከራየሁባት ክፍል ውስጥ ተጋድሜ እውላለሁ። የጣራው ቆርቆሮ የተመታው በመቶ አርባ ስምንት ምስማር ነው፤ ሦስቱ ዝገዋል። አከራዬ እትዬ አሰጋሽ በየጠዋቱ በሬን ገፋ አድርገው «ተከፈተ አሉ እኮ» ይሉኛል። ማን እንዳለ አያውቁም። ልብሴን ለብሼ እወጣለሁ፣ አስፋልቱ ጫፍ ድረስ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ባትሪዋን ካልሲዬ ውስጥ ሸጉጬ በእግሬ ተነሣሁ። ጉንደ ወይን ሳልደርስ ጠብመንጃ የያዙ ሰዎች አስቆሙኝ። «ወዴት ነው?» ሲሉኝ «አባቴ ድምፃቸው ጠፍቶ ድምፅ ላደርስላቸው ነው» አልኩ። እውነት አንዳንዴ ሲናገሯት የዕብድ ወሬ ትመስላለች። አንደኛው ሳቀ፣ ሌላኛው አልሳቀም። ተመለስኩ።

ስሜ ገላው ነው። ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ የሶላር መብራት እጠግናለሁ። የሞጣ ሰው ስለ እኔ ሲያወራ «እጁ ወርቅ፣ አፉ እሬት» ይላል። እውነቱን ነው፣ አልከራከርም። አንድ ነገር አስረድቼ ያልገባው ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ላይ እንዳታዝኑልኝ ነው።

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ የኔታ አካለ ወልድ። ልጃቸው ብሆንም «አባባ» ብዬ አላውቅም። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ከተማሪዎቻቸው ጋር ስለተቀመጥኩ እንደ ተማሪው ሁሉ «የኔታ» ነው የምላቸው። ጉባኤያቸው ከቤታችን ጓሮ፣ ከወይራው ሥር ነው። ተማሪው ቆሞ ቅኔውን ያሰማል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ይሰማሉ። ስሕተት ካለ መቋሚያው መሬቱን አንድ ጊዜ ይመታል፤ ቁም፣ ተሳስተሃል ማለት ነው። ደህና ከሆነ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ቀጥል። ምን እንደተሳሳትክ አይነግሩህም። ራስህ ፈልገህ ታገኛታለህ።

እኔ አላገኘኋትም። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ይዤ ቆምኩ። አንድ ጊዜ መቱ። ቀይሬ ደገምኩ፤ አንድ ጊዜ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆሜ ዋልኩ፤ አንድ፣ አንድ፣ አንድ። በማግሥቱ ወደ ሞጣ ወጥቼ ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ተቀጠርኩ። ሬዲዮ ስታበላሽ በመቋሚያ የሚመታብህ የለም፤ ቢበዛ ኤሌክትሪኩ ይነዝርሃል። እስከ ዛሬ ግን አንድ ዕቃ ጠግኜ ከመክደኔ በፊት፣ ከየት እንደሆነ እንጃ፣ ያቺን ምት እጠብቃለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት የኔታ ጉሮሯቸው ታመመ። አዲስ አበባ ወስጄ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሕይወታቸው ተረፈች፣ ድምፃቸው እዚያው ቀረ። አንገታቸው ላይ ባለች ቀዳዳ ይተነፍሳሉ፤ ከአፋቸው አንድም ቃል አይወጣም። ጽሑፍ አለ አትበሉኝ። ቅኔ መምህሩ በአፉ ይነግራል፣ ተማሪው በጆሮው ይቀበላል፤ በወረቀት ልስጥ ያለ መምህር ጉባኤው በወር ይበተንበታል። ሐኪሙ የእጅ ባትሪ የምትመስል አንዲት መሣሪያ አሳየኝ። አንገት ላይ ሲያስደግፏት ትንቀጠቀጣለች፤ ንዝረቱን አፍ ተቀብሎ ቃል ያደርገዋል። ገዛሁላቸው። ድምፁ ቅል ውስጥ የገባ ንብ ይመስላል። የኔታ ቢቸና ተመልሰው ከወይራው ሥር ሲቀመጡ፣ አንገታቸው ላይ አስደግፈው በመጀመሪያ የተናገሩት ስሟን ነበር። «አፈ ጉባኤ ትባላለች» አሉ። ተማሪው እስኪንከተከት ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ተማሪ አልቀነሰባቸውም። እንዲያውም በንብ ድምፅ ቅኔ የሚነግሩ መምህር አሉ ሲባል ከሩቅ የመጣም ነበር። ዘንድሮ አሥራ አንድ ናቸው።

መንገዱ በተዘጋ በሦስተኛው ቀን ግን የአፈ ጉባኤ ባትሪ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋና ሞተ። ቢቸና መብራት ከጠፋም ሰንብቷል። የኔታ ከወይራው ሥር ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ተማሪዎቹም ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ይህን ሁሉ የምትነግረኝ ታናሽ እኅቴ ብሩክታይት ናት። መምህርት ናት፤ ትምህርት ቤቷ ስለተዘጋ ከየኔታ ጋር ቤት ትውላለች። እኔ ጋ ስልክ የሚሠራው ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው፤ እሱም ድምፅ ብቻ። ፎቶ መላክ የለም፣ ቪዲዮ ማየት የለም።

ረቡዕ ስትደውል ድምጿ ልክ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ተማሪዎቹ ሰኞ ሊሄዱ ነው።»

«ወዴት?»

«ደብረ ኤልያስ፣ ሌላ መምህር ጋ። በእግር፣ በውስጥ ለውስጥ። እስከ ሰኞ ቅኔ ካልተነገረን ብለዋል።»

«ስጦታውም?» ስጦታው ሊመረቅ ጥቂት ወራት የቀሩት ትልቁ ተማሪ ነው።

«እሱም። የኔታ ሰምተዋል፤ ከትናንት ወዲህ እህል አልቀመሱም።»

ያን ቀን ባትሪዋን እያገላበጥኩ ዋልኩ። መድኃኒቱ እጄ ላይ ነው፣ በሽተኛው ወንዝ ማዶ ነው። ማታ ግን አንድ ነገር መጣልኝ። ባትሪዋ መሄድ ካልቻለች፣ ቢቸና ያለው ይበቃ እንደሆነስ?

በቀላሉ ላስረዳችሁ። ቤታችን ጣራ ላይ ሶላር አለ፤ እሱ የሚሞላው ባትሪ አሥራ ሁለት ቮልት ነው። አፈ ጉባኤ የምትፈልገው ሦስት ነጥብ ሰባት፤ ከአራት ብዙ ካለፈ ትቃጠላለች። አሥራ ሁለቱን በቀጥታ መስጠት ሕፃን አረቄ ማጠጣት ነው። ቤት ውስጥ ግን መኪና ላይ የሚሰካ የስልክ ቻርጀር አለ፤ አሥራ ሁለቱን ወደ አምስት ያወርዳል። የቀረውን ለማውረድ ሁለት ዳዮድ ይበቃል። ዳዮድ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ጥቁር ዕቃ ናት፤ ሁለት ቀጭን እግር አላት፣ አንድ ጫፏ ላይ ነጭ ቀለበት። ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ታሳልፋለች፤ ስታሳልፍም እንደ ኬላ ትቀርጣለች፣ ወደ ሰባት አሥረኛ ቮልት። ሁለቱ ተከታትለው ከቆሙ አምስቱ ሦስት ነጥብ ስድስት ሆኖ ይወጣል። በተቃራኒው ከዞረች ግን ምንም አታሳልፍም። ይህን የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነኝ።

የሚያሳስበኝ የቮልት መለኪያ ነበር። ቢቸና የነበረውን ቴስተር ያለፈው ፋሲካ «ለእናንተ ምን ያደርግላችኋል» ብዬ ይዤው መጥቻለሁ። አሁን ከባትሪዋ አጠገብ ተቀምጧል።

ሐሙስ ልክ አምስት ሰዓት ደወልኩ።

«ብሩኬ፣ ስልኩን ላውድ አድርጊና መሬት አስቀምጪው። ሁለቱም እጆችሽ ነፃ ይሁኑ።»

«እሺ ጋሼ። የኔታም አጠገቤ ናቸው።»

መቋሚያው ሁለት ጊዜ መታ። ሰላምታቸው ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሳቸው የሰማሁት የመጀመሪያው ነገር ነው።

ዳዮድ ከየት ይምጣ? የኔታ ዜና የሚሰሙባት አሮጌ ሬዲዮ ነበረች፤ ከሞተች ቆይታለች። ብሩክታይት በቢላ ጫፍ ከፈተቻት። የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚገባበትን አሳየኋት፤ ማለቴ በቃል መራኋት። አራት ጥቁር ፍሬዎች ጎን ለጎን ቆመዋል አለች። ደስ አለኝ።

«ቀስ ብለሽ ንቀያቸው። እግራቸው እንዳይሰበር።»

ትንሽ ቆይታ፣ «ጋሼ… የአንዷ እግር ተሰበረ» አለች።

«ቀስ ብለሽ አላልኩሽም?»

«ቀስ ብዬ ነበር እኮ።»

«ቀስ ያለ አይሰብርም!»

ወደ ሁለተኛዋ ሄደች መሰለኝ። ቢላው ሲቧጥጥ ይሰማኛል። ከዚያ መቧጠጡ ቆመ።

«እንዳትነግሪኝ» አልኳት።

«እሷም…»

ምን እንዳልኳት እዚህ አልጽፈውም። የሞጣ ሰው ያውቀዋል። አፈር ገፊ ጣት አለሽ ከማለት ጀምሮ ወደ ላይ ነው የወጣሁት። እትዬ አሰጋሽ ከግቢው «ምን ሆነህ ነው ልጄ?» እስኪሉ ጮኽኩ። የኔታ ይህን ሁሉ እየሰሙ ነው። መቋሚያው አንድ ጊዜ መታ። አልሰማሁም እንዳልል፣ ሰምቻለሁ።

ሁለት ዳዮድ ቀረ። ልክ የሚበቃን ያህል።

«አሁን ቀለበት ያለበት ጫፍ ወደ መሣሪያዋ ይዙር። የሁለቱም።»

«የአንዷ ቀለበት አይታይም ጋሼ። ሙቀት ልጦታል።»

«እንግዲያው በግምት አድርጊው!»

እዚህ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ነበረብኝ፦ ዝም ካለች ያቺን ቀለበት የሌላትን ብቻ አዙሪያት። አንድ ዓረፍተ ነገር። ለደንበኛ ቢሆን ሠላሳ ብር አስከፍዬ እነግረው ነበር። ለእኅቴ አልነገርኳትም፤ ሰዓቱን እያየሁ ነበር፤ ስድስት ተኩል አልፏል።

የተነፋውን ባትሪ አወጣች፣ ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ አጋጠመች፣ በፕላስተር ጠቀለለች። ተማሪዎቹ ሰምተው መስኮቱ ሥር መጥተዋል፤ ሹክሹክታቸው ይሰማኛል።

«ተጫኚያት።»

ምንም።

«ተጫኚያት እኮ ነው የምልሽ!»

«ተጫንኳት ጋሼ። ዝም ነው ያለችው።»

ያን ጊዜ ክፍሌ ጠበበችኝ። አራቱ ግድግዳዎች፣ መቶ አርባ ስምንቱ ምስማሮች፣ ጠረጴዛው ላይ ሥራ ፈታ የተቀመጠችው ባትሪ። ሁለት እጅ አለኝ፣ ሁለቱም ወርቅ ናቸው ይባላል፤ በስልክ ቀዳዳ ግን አያልፉም። በንዴት እንባዬ መጣ።

«ሁለት ሽቦ ማጋጠም ያቅትሻል? ሰው አስተምራለሁ ትያለሽ፣ ሁለት ሽቦ! ኔትወርኩ ሊጠፋ ነው፣ ሰኞ ልጆቹ ሊሄዱ ነው። ያሰኘሽን አድርጊ፣ ብቻ አስጩሂያት!»

ፕላስተር ሲላጥ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ከሩቅ፣ ንቧ ጮኸች።

መስኮቱ ሥር ያሉት ተማሪዎች እልል አሉ። እኔም ብቻዬን እልል አልኩ፤ ወንድ ልጅ ክፍሉን ዘግቶ። ቀጠን ያለች መሰለኝ፤ ቅሉ ያነሰ፣ ንቧ የተናደደች። ስልክ ነው ብዬ አለፍኩት።

«ሁለቱም ዳዮዶች አሉ?»

«አሉ» አለች።

ሌላ ነገር አልጠየቅኩም።

መቋሚያው አንድ ጊዜ መታ።

«ምንድን ነው የኔታ?»

እንደገና አንድ ጊዜ። ቁም፣ ተሳስተሃል።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ የራሴ ሱቅ አለኝ፣ በዚያች ምት ግን እንደገና ከወይራው ሥር ቆምኩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ እግሬ ዝሏል፣ ምን እንዳጠፋሁ የሚነግረኝ የለም። የድምፁ ዜማ አልጣማቸውም አልኩ በልቤ። ይህን ሁሉ ደክሜ፣ ከሞጣ ሆኜ በቃሌ ድምፅ ሠርቼላቸው፣ አሁንም ሊያርሙኝ ነው።

«የኔታ!» አልኩ። ጮኼባቸው አላውቅም ነበር። «እባክዎ ዜማውን ይተዉት! ይናገሩባት በቃ!»

ተቀብለዋት መሰለኝ፣ ንቧ አንገታቸው ላይ ስታርፍ ድምጿ ታፈነ፤ ወደ ቃልነት ስትለወጥ ሰማሁ። ምርቃት ጠብቄ ነበር። ወይም ቅኔ።

«ገላው» አሉ።

«አቤት የኔታ።»

«እኅትህን… አትቆጣት።»

የመጨረሻው ቃል ላይ ንቧ ወደ ላይ ወጣች፣ እንደ ፉጨት ቀጠነች፣ ተቋረጠች።

«ጋሼ፣ ጨሰች!» ብላ ብሩክታይት ጮኸች። «ጨሰች! የኔታ እጅዎን፣ ይልቀቋት!»

ሰኞ ተማሪዎቹ ሄዱ። ስጦታው ብቻ ቀረ፤ እሱም የተቃጠለውን የየኔታን መዳፍ ቅባት ካልቀባሁ ብሎ ነው ይባላል እንጂ ሌላ ምክንያት አልሰማሁም። አሁን የሚማረው እንዲህ ነው፦ እሱ የዘረፈውን ቅኔ ያሰማል፣ እሳቸው ይመታሉ። አንድ ወይም ሁለት። እኔ ሞጣ ነኝ። ባትሪዋ ጠረጴዛዬ ላይ ናት፤ አሁን ብትሄድም የምትገባበት መሣሪያ ተቃጥሏል። እትዬ አሰጋሽ ዛሬም ጠዋት «ተከፈተ አሉ እኮ» ብለውኛል።

የኔታ ቮልት ምን እንደሆነ አያውቁም። ግን ስልሳ ዓመት ዜማ የሰማ ጆሮ ነው፤ ያቺ ድምፅ ከቦታዋ ከፍ ብላ እንደወጣች፣ እንደማትቆይም ያውቃሉ። ቴስተሩ እኔ ጋ ነው ብዬ ስጨነቅ፣ መለኪያው እዚያው አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ሁለት ጊዜ ነገሩኝ። መሣሪያዋ መዳፋቸው ውስጥ ስትግልም ማስቀመጥ ይችሉ ነበር፤ አላስቀመጧትም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በመምታት የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።

ግን ያ ሁሉ ኋላ የመጣ ሐሳብ ነው። ሐሙስ ዕለት፣ ለሰባት ሰዓት አምስት ደቂቃ ጉዳይ፣ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነበር። ከወዲያ የብሩክታይት ለቅሶ ይሰማኛል።

«ዳዮዶቹን ዘልዬ ነው ያገናኘሁት ጋሼ» አለች።

«አሉ አላልሽኝም?»

«አሉ። ጎን ተንጠልጥለው አሉ። ዝም ስትል… አንተ ስትጮህብኝ… ሽቦውን ቀጥታ ባስነካው ጮኸች። እንዳልነግርህ ፈራሁህ።»

አምስት ቮልት፣ እንዳለ፣ ያለ ኬላ።

«ስደበኝ» አለች። «ያሰኘህን በለኝ። የኔታን ድምፅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

እሬቱ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። አልዋሽም፤ ቃሎቹ ተሰልፈው ቆመው ነበር፣ ከሁሉ የከፋው ከፊት። አፌን ከፈትኩ። የየኔታ ትንፋሽ በአንገታቸው ቀዳዳ ሲወጣ ሲገባ በስልኩ ይሰማኛል፤ ስልኩን ጠጋ ብለው ነበር መሰለኝ።

«ብሩኬ» አልኩ። «ምሳ በላችሁ?»

ለቅሶዋ ቆም አለ። «ኧረ… አልበላንም።»

«ብሉ እንጂ። መጀመሪያ የየኔታን እጅ በቀዝቃዛ ውኃ ያዢላቸው። ያቺ ዳዮድ ዞራባት ነው ዝም ያለችው፤ ልነግርሽ ይገባ ነበር፣ አልነገርኩሽም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከዚያ መቋሚያው መሬቱን መታ። አንድ። ዓይኔ በሰዓቱ ላይ ነው፣ ሰባት ሊሞላ ነው።

ደግሞ መታ።